ሳይን፣ ምልክትና ተአምር

በደማም ከተማ፣ በአል ሙሐመዲያ ሠፈር በእንግድነት የሚኖር ወገናችን በመንገዱ ዳር በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ ያያል። ዐረቡ ምልክትን «ዐላማ» ይለዋል፤ ይህም ሰንደቅ ዓላማ ስንል ለጆሯችን እንግዳ ያልሆነ ቃል ነው። እንግሊዛዊው «ሳይን» ይለዋል። ይኸው «ሳይን» በእንግሊዝኛው ወንጌል ሲገኝ ከመንገድ ሰሌዳ የራቀ ምሥጢር ስለሚይዝ፣ ምንጩን መርምሮ በአማርኛ የተሰጠውን አቻ መመዘን ይገባል።

«ሳይን» ከላቲኑ «ሲግኑም» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ሲግኑም ምልክት ማለት ነው፤ የሮም ጭፍሮች የሚከተሉት ዓላማም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በ1611 በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 11 የግሪኩን «ሴሜዮን» በዚህ ቃል አልተረጐመውም፤ መደነቅ ከሚለው የላቲን ግሥ በወጣው «ሚራክል» ተረጐመው። በ1881 ታርሞ የወጣው ሐዲስ ኪዳን ወደ «ሳይን» መለሰው። የእኛም የ1954 ዓ.ም. አማርኛ በዚሁ ስፍራ «ምልክት» ይላል።

ጥር 12 ቀን የቃና ዘገሊላን ተአምር የሚያከብር ምእመን ይህን ሲያነብ ክብሩ የተቀነሰ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ተአምር ከግእዙ «አመረ» የወጣ ነውና፤ ይኸውም አሳየ፣ አመለከተ ማለት ነው። ትእምርተ መስቀል ስንል የምንሰማው «ትእምርት» የእርሱ ወንድም ነው። እንግዲህ ተአምር በሥሩ የሚያሳይ፣ የሚያመለክት ማለት ነው፤ መደነቅ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ወንጌሉም ይህን ያጸናል። በምዕራፍ 4 ቁጥር 48 ምልክትና ድንቅ በየስማቸው ተጠርተዋል። በምዕራፍ 6 ቁጥር 26 ጌታ ሕዝቡን የሚወቅሰው እንጀራውን ስለ ጠገቡ እንጂ ምልክቱን ስላዩ ባለመፈለጋቸው ነው። በዚህ ስፍራ «ድንቅ» ቢባል ተግሣጹ በደበዘዘ ነበር። ማኅሌታዊም ይህን ከሙያው ያውቀዋል፤ ከንባቡ በላይ የተጻፈው የዜማ ምልክት ራሱ ዜማ አይደለም፤ ከመምህሩ ወደ ተቀበለው ዜማ ይመራዋል እንጂ።

ስለዚህ «ምልክት» መልካም ትርጉም ነው እንላለን። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ የመንገዱም ሰሌዳ፣ የቍስሉም ጠባሳ ምልክት ይባላልና፣ ቃሉ ብቻውን ሲነበብ የግእዙን ዝምድና አያሰማም። መምህራን ይህን ስፍራ ሲተረጕሙ «ተአምር»ን ከጎኑ ቢያቆሙት ጉድለቱ ይሞላል።

በቃናው ሰርግ የግብዣው አለቃ የወይኑን መልካምነት አመሰገነ፤ ከየት እንደ መጣ ግን አላወቀም። ተአምርን ድንቅ ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሰው ከዚህ አለቃ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጧል።