ሞተሩን ሳያሞቁ ይጠብቁኝ

ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለ የናፍጣ መኪና የሚገዛ ሰው ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ዳኛ አለው፤ ብርዱ። ከተማዋ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጩ ሣሩን አንጽቶት ያድራል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ውስጥ የተረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ፋሻው ካለቀ፣ ሲሊንደሩ ከተበላ ወይም ቫልቩ በደንብ ካልገጠመ ኮምፕሬሽኑ ያመልጣል፤ አየሩም የሚፈለገውን ያህል አይግልም። ሞተሩ ሞቅ ካለ በኋላ ይህ ጉድለት አይታወቅም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ግን መደበቂያ የለውም።

ስለዚህ ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመነጋገር በፊት የሚነገረው ቃል "ነገ በጠዋት እመጣለሁ፤ ሞተሩን ሳያሞቁ ይጠብቁኝ" ነው። ሲደርሱ ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ብሎ ከቆየዎት ሌላ ቀን ይቅጠሩ። በሁለተኛውም ቀን ለብ ብሎ ከጠበቀዎት መኪናውን ይተዉት።

ቁልፉ ሲዞር የማሞቂያዋ መብራት ትበራለች። እስክትጠፋ ይጠብቁና ሞተሪኖውን ያስነሡ። ደኅና ሞተር በዚህ ብርድ እንኳን በጥቂት ሰከንድ ይነሣል፤ ለትንሽ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ድምፁ ይስተካከላል። ነጭ ጭስ ጥቂት ቢያወጣና ወዲያው ቢጠራ ክፉ ምልክት አይደለም፤ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ለረጅም ጊዜ ነጭ ሲያጨስና አንዱ ሲሊንደር እንደ ተኛ ሆኖ ሲንገጫገጭ ግን ጥፋቱ ከማሞቂያው፣ ከኖዝሉ ወይም ከኮምፕሬሽኑ ነው። የመጀመሪያው ርካሽ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሞተር የሚያስወርድ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጩ ጭስ ካላቋረጠና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው።

ስለ ጭስ ስናወራ ከፍታውን መርሳት አይገባም። እዚህ አገር አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሞተሩ በሳበ ቁጥር የሚያገኘው አየር ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚረጨው ናፍጣ ለቆላ አየር የተመጠነ ከሆነ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አሮጌ ሃይሉክስ ነዳጅ ሲሰጠው ትንሽ ጥቁር ቢተፋ ወዲያው "ሞተሩ ሞቷል" ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በአንጻሩ ሰማያዊ ጭስ በየትኛውም ከፍታ አንድ ትርጉም አለው፤ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ሳያስሩት በቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት። ጥቂት መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው። ከዘለለ ወይም ከቀዳዳው ጭስ እየተግተለተለ ከወጣ፣ የቃጠሎው ግፊት በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየሄደ ነው። የዘይት መለኪያውን ሲያወጡ ዘይቱ ጥቁር መሆኑ አያስደንግጥዎት፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ሰሞን ይጠቁራል። የሚያስደነግጠው ወተት መምሰሉ፣ ወይም ከልኩ በላይ ሞልቶ ናፍጣ ናፍጣ መሽተቱ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ በቀዝቃዛው ይክፈቱ። ዘይት የሚንሳፈፍበት ከሆነ መልሱ ተገኝቷል። ከተነሣ በኋላ ደግሞ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ይጨብጡ። ሞተሩ ገና ሳይግል ቱቦው ጠጥሮ ከተወጠረ የቴስታታው ማሸጊያ እያሳለፈ ነው፤ ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። አሮጌው የቶዮታ 2ኤል ሞተር ከጋለ ቴስታታው በመሰንጠቅ የታወቀ ስለሆነ በዚህ ላይ እጥፍ ጥንቃቄ ይገባዋል።

አሁን ገዢዎች በብዛት ወደሚሳሳቱበት ነገር ልምጣ። ደላላው ሁሉ "ሞተሩ ያልተነካ ነው" ይላል፤ ገዢውም ይህን ሲሰማ ልቡ ይረካል። ግን ገበያው ምን እንደያዘ እንይ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ። በጥር 2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። እንግዲህ በአብዛኛው የምንገበያየው እዚሁ ያለውን፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራውን ነው። በዚህ ዕድሜ ሳይነካ የኖረ ሞተር ካለ፣ ቴስታታው ቢያስፈልገውም ማንም ያልደረሰለት ነው። እኔ የምፈልገው ያልተነካውን ሳይሆን ጥሩ እጅ የነካውን ነው። ጥሩ እጅ ደግሞ ምልክት ይተዋል።

ብሎኖቹን ይመልከቱ። በትክክለኛ ቁልፍ የተፈታ ብሎን ማዕዘኑ እንደ ሾለ ይቆያል፤ በፒንሳ የታገሉት ጠርዙ ተልጦ ክብ ይሆናል። ከአሥር ብሎን ሁለቱ ከሌሉ፣ ያሉትም የተለያየ ዓይነት ከሆኑ፣ ውስጡም እንደዚያው ነው። በማሸጊያዎቹ ዳር ሲሊኮን ተርፎ ከወጣ ወደ ውስጥም ያን ያህል ተርፏል፤ ውስጥ የገባው ተቆርሶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊደፍን ይችላል። በሽቦ የታሰረ የውሃ ቱቦ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ የመብራት ገመድ፣ እነዚህም የሠራተኛውን ጠባይ ይናገራሉ። ፖምፓው ላይ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣ የናፍጣ መጠን ማስተካከያ አለ። ማኅተሙ ተሰብሮ ከሆነ ማን እንዳስተካከለው ይጠይቁ። በመለኪያ ማሽን ላይ ከሆነ ደግ ነው። "ጉልበት እንዲኖረው ትንሽ ጨመርኩለት" ከተባለ ግን ያ ጉልበት ፒስተኑን በማጋል የተገኘ ነው።

ሌላው ቴርሞስታቱ ነው። ሞተር ሲግል መፍትሔ መስሏቸው አውጥተው የሚጥሉት መካኒኮች ብዙ ናቸው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ጉዳቱ ላይታይ ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ እየሠራ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። ጥሩ መንገድ ከሄዱ በኋላ የሙቀት ቀስቱ ከታች ተኝቶ ከቀረ ቴርሞስታቱ የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል ብለው ይጠርጥሩ። የራዲያተሩ ክዳንም እንደ ተራ ነገር አይታለፍ። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ደኅና ሞተር ራሱ የሚሠራው ደግሞ በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ውሃውን ከመፍላት የሚይዘው ክዳኑ የሚሰጠው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ጤነኛውን ሞተር ዳገት ላይ ያፈላዋል።

ታጥቦ የሚያበራ ሞተር አልወድም። ዘይት የሚያልብበትን ቦታ አቧራ ያሳያል፤ እጥበት ይደብቃል። ቴስታታው ቶርኖ ቤት የገባበት ደረሰኝ፣ የታይሚንግ ቺንጋው የተቀየረበት ኪሎ ሜትር በክዳኑ ላይ የተጻፈ ከሆነ፣ ያ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። የላንድክሩዘሩ ባለ 4,164 ሲሲ 1ኤችዜድ ሞተር በጽናቱ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ቺንጋው እንደ አገልግሎቱ ከ100 ሺሕ እስከ 150 ሺሕ ኪሎ ሜትር ውስጥ ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። አዲሶቹን ባለ ቱርቦ ዲ-ፎር-ዲ ሞተሮች የሚገዛ ደግሞ የኢንጀክተሮቹን ታሪክ አጥብቆ ይጠይቅ። በጣም ከፍተኛ በሆነ ግፊት ስለሚሠሩ በጀሪካን የተሸጠ፣ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ይገድላቸዋል። የናፍጣ ፊልትሮውን ከሥር አስፈትተው በጠርሙስ ይቀበሉ፤ ውሃ ካለ ከታች ይተኛል። ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣ ሃርድቶፕ ከነሰርቪስ መዝገቡ ከተገኘ፣ አካሉ ቢጎዳም ከተቀባው የከተማ መኪና አስቀድመዋለሁ።

የኪሎ ሜትር ቁጥሩን ብዙ አይመኑት፤ ይመለሳል። የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫው ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳ፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ እውነቱን ይናገራሉ። ለስቱኮ ማግኔት ይበቃል። ሚኒባስ ከሆነ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መሆን አለመሆኑን ከኮፈኑ ሥር፣ በቀኝ በኩል በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ የተደፈኑ ቀዳዳዎችን በመፈለግ ይለዩ።

ቀጥሎ መንገድ ነው። የመንገዱን ሁኔታ አጣርተው ወደ ጣርማ በር ይንዱት። እዚያ ያለው ጣሊያን ያስቆፈረው ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርደዋል፤ ርቀቱም ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እስከ ሸዋ ሮቢት መውረድ አያስፈልግም፤ ደብረ ሲና ደርሶ መመለስ ይበቃል። ሲወርዱ በከባድ ማርሽ ይያዙት። ማርሹ በራሱ እየወጣ ባዶ ከሆነ ካምቢዮው ተበልቷል። ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን መጎተቱን፣ መርገጫውም እየጠለቀ መሄዱን ያስተውሉ። ቁልቁለቱ ሲያበቃ ነዳጅ ሰጥተው ወደ ኋላ በመስታወት ይመልከቱ። በዚያች ቅጽበት ብቻ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት በቫልቮቹ በኩል እየወረደ መሆኑን ያሳያል።

ሲመለሱ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ያስይዙት። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። የሙቀቱ ቀስት ከመካከል አልፎ መውጣት ከጀመረ ወዲያው ያቁሙ፤ ውሉም እዚያው ይቁም። ባለ ቱርቦ ከሆነ ላይ ሲደርሱ ወዲያው አያጥፉት፤ ጥቂት ይስከን። በአንኮበር በኩል የሚኖሩ ገዢዎች ደግሞ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት አላቸው። እዚያ ጠመዝማዛው የመሪውን ልልነትና የቴስቲናውን ኳኳታ በደንብ ያሰማል፤ ባለ አራት ጎማ ጉልበቱም በትክክል መግባቱን እዚያ ይሞክሩት።

ወረቀቱን በተመለከተ ጥቂት ልበል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ራስዎ ያስተያዩ። በብዙዎቹ የቶዮታ ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች ላይ የሻንሲ ቁጥሩ በፊተኛው ቀኝ ጎማ አካባቢ በፍሬሙ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ዙሪያው የተፋቀ ወይም የተበየደ ከሆነ አይንኩት። የሞተር ቁጥሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩ ይቸግራል። መኪናው ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም መኪናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ሻጩ ባለቤቱ ሳይሆን ባለ ውክልና ከሆነ፣ ውክልናው መሸጥንና ስም ማዛወርን በግልጽ መጥቀሱን አንብበው፣ አለመሻሩንም ከሰጠው ቢሮ አረጋግጠው ብቻ ገንዘብ ይክፈሉ።