ችሎታን በንግድ ስም መሰየም

በኮምፒዩተር ለሚሰጥ ሥልጠና ማስተማሪያ ማዘጋጀት በትምህርት ቴክኖሎጂ ዘርፍ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከሚማሯቸው ሙያዎች አንዱ ነው። ይህ ችሎታ ሲገለጽ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ተማሪው የሚሠራው ሥራ ሳይሆን የሚሠራበት ሶፍትዌር የንግድ ስም ነው፤ «ስቶሪላይን ይችላል»፣ «ካፕቲቬት ያውቃል» ይባላል። ይህን አሰያየም ከሙያዊ ቃላት ጥናት አንጻር ልንተቸው እንወዳለን።

እንደሚታወቀው፣ ሙያዊ ቃል የሚሰየመው ለጽንሰ ሐሳብ ነው። የንግድ ስም ግን የባለቤቱ ንብረት በመሆኑ ዕድሜው በባለቤቱ ፈቃድ ይወሰናል። ኦውተርዌር የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1987 ወጥቶ በ2007 ልማቱ ቆመ። የፍላሽ ማጫወቻም ድጋፉ በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ተቋረጠ፤ በእርሱ የተሠሩ መልመጃዎች ዛሬ በተለመዱት ብራውዘሮች እንደ ቀድሞው አይከፈቱም። እንግዲህ በስያሜው ከሔድን፣ «ፍላሽ ያውቃል» ተብሎ የተመረቀው ሰው ዛሬ ሙያ የለውም ማለት ነው። እውነቱ ግን ይህ አይደለም። በኦውተርዌር የትምህርቱ ሒደት የሚነደፈው በአንድ መሥመር ላይ ምልክቶችን በመደርደር ነበር፤ አዘጋጁ ጥያቄውን፣ ከተማሪው የሚጠበቁትን ምላሾችና ከእያንዳንዱ ምላሽ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ይወስን ነበር። ይህ ዕውቀት ከሶፍትዌሩ ጋር አልጠፋም፤ የራሱ ስም ስላልተሰጠው ብቻ ሳይቆጠር ቀረ።

ወደ አማርኛ ስንመልስም ጥንቃቄ ያሻል። እንግሊዝኛው «ኦውተሪንግ ቱል» የሚለውን ቃል በቃል ለመተርጎም ቢሞከር፣ «ደረሰ» ከሚለው ግስ «መድረሻ» ይወጣል፤ ይህ ግን ለአንባቢ የጉዞን ፍጻሜ እንጂ የድርሰትን መሣሪያ አያሳስብም። «የትምህርት ማሰናጃ» ቢባል ተግባሩ ግልጽ ይሆናል። ችሎታዎቹንም እንደዚሁ «መልመጃ መንደፍ»፣ «የምላሽ መንገድ መዘርጋት»፣ «ግብረ መልስ መጻፍ»፣ «ድምፅና ሥዕል ማቀናጀት» እያሉ በየተግባራቸው መለየት ይቻላል።

የንግድ ስም ፈጽሞ አይነሣ አንልም። ቀጣሪ የተማሪውን ልምድ ማወቅ ይፈልጋል፤ ተማሪም እጁን የሚያፍታታው በአንድ በተወሰነ ሶፍትዌር ነው። ስሙ ግን ከችሎታው ቀጥሎ በምሳሌነት ይግባ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ትምህርቱ የትእዛዝ ቁልፎችን ማስጠናት ብቻ ይሆናል፤ ተማሪውም ሶፍትዌሩ በተለወጠ ቁጥር እንደ ጀማሪ ይቆጠራል፣ ራሱንም እንደ ጀማሪ ይቆጥራል።