ድንጋይ የገባው እጅ

በመካኒሳ አቦ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ብዙዎቹ የሰፈር መንገዶች በጥርብ ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። አንድ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ከመንገዱ የተነቀለውን ለመተካት ቁጭ ብሎ ድንጋይ የሚጠርብ ጎልማሳ አየሁ። አጠገቡ የድንጋይ ክምር፣ በእጁ መዶሻና መሮ፤ ሌላ ነገር የለውም። ከክምሩ አንዱን ያነሳል፤ ያገላብጠዋል፤ በመዶሻው ኮርኮም ያደርግና ድምፁን ያዳምጣል። የታፈነ ድምፅ ከሰጠው ወደ ጎን ያኖረዋል። ጥርት ያለ ከሆነ ግን በጉልበቶቹ መሃል ያደላድለውና መሮውን ያሳርፍበታል። ሁለት ጊዜ ለዘብ አድርጎ፣ ሦስተኛውን ጠበቅ አድርጎ ይመታል። ድንጋዩ እሱ ባሰበው መስመር ለሁለት ይከፈላል።

ቆሜ ሳየው ቆየሁ። ሸማኔ ያበላሸውን ማግ ፈትቶ እንደገና ይወረውራል። ሸክላ ሠሪ የተጣመመባትን እንስራ አፍርሳ መልሳ ታቦካዋለች። ቀጥቃጭም ብረቱን ወደ ፍሙ ይመልሰዋል። ድንጋይ ጠራቢ መመለሻ የለውም። ከድንጋይ ላይ የተነሳው እንደተነሳ ይቀራል። ስለዚህ ጠራቢ የመጀመሪያውን ምት ከመምታቱ በፊት ሥራውን በዓይነ ኅሊናው ጨርሶ ማየት አለበት። ያ ጎልማሳ ድንጋዩን ሲያገላብጥ ያጠፋ የመሰለኝ ጊዜ ለካ ዋናው ሥራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሰፈራችን ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ከመካኒሳ በጀሞ አድርጎ፣ ዓለም ገና ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው የቡታጅራ መንገድ፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ውስጥ ሦስት ታላላቅ የድንጋይ ሥራዎች ዘንድ ያደርሳል፤ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ። ማልዶ የወጣ ሰው ሦስቱንም አይቶ ለማታ ቤቱ ይገባል።

ሌሎች ቅርሳቸውን ለእንግዳ እንዴት እንደሚያሳዩ እንይ። በቤልጂየም የፍላንደርስ ምድር ያሉ ትንንሽ ከተሞች ለእንግዳ የሚያሳዩት ብዙውን ጊዜ ይመሳሰላል፤ የደወል ማማ፣ በድንጋይ የተነጠፈ አደባባይ፣ ሴቶች ሳይመነኩሱ በማኅበር እየጸለዩ ይኖሩበት የነበረ የታጠረ ሰፈር፣ የዳንቴል ሥራ። ዩኔስኮ ከእነዚያ የሴቶች ሰፈሮች 13ቱን እ.ኤ.አ. በ1998 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። እዚያ የሚሄድ እንግዳ ዳንቴል ሠሪዋ ፊት ቆሞ ክሩ በመርፌዎቹ መካከል እንዴት እንደሚሻገር ያያል፤ የቅርሱን ዕድሜ ብቻ ሰምቶ አይመለስም። እኛ ግን ለጎብኚ የምንነግረው የዓመት ቁጥር ይበዛል። "ይህን ያህል ዘመን ያስቆጠረ" እንላለን። የእጁ ብልሃት ምን እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደሚታይ አናመለክትም። እኔ የምመኘው እነዚህን ሦስት ቦታዎች ሰው እንደ ሙያ ሥራ ቀርቦ እንዲያያቸው ነው።

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። መልካ ቁንጡሬ አዋሽን የምንሻገርበት፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ስፍራ ነው። መካኒሳን አቋርጦ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂም በስተመጨረሻ የሚገባው እዚሁ አዋሽ ውስጥ ነውና ለእኛ የባዕድ ወንዝ አይደለም። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኙት ሆላንዳዊው የውኃ ጥናት ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ናቸው። ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ከ1965 ጀምሮ ለ30 ዓመታት ያህል ቁፋሮውን መሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ቀጠሉ። ከሥር ያለው ንብርብር ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ መልካ ቁንጡሬና በአቅራቢያው ያለው ባልጪት በአንድነት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

በጎጆ ቅርጽ በተሠሩት የሙዚየሙ ቤቶች ውስጥ የባልጩት የእጅ መጥረቢያዎች አሉ። ከአንዱ ፊት ጎንበስ በሉ። ጥቁር ነው፤ እንደ ጠርሙስ ያብለጨልጫል። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ በፍጥነት የቀዘቀዘ የተፈጥሮ መስተዋት ነው። በውስጡ እንደ እንጨት የተዘረጋ መስመር ስለሌለው የመታው እጅ በሚያዘው አቅጣጫ ይሰነጠቃል። አሁን የመጥረቢያውን ገጽ እዩ። ዙሪያውን የተቦረቦረ፣ እንደ ዛጎል ውስጥ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ ጠባሳ አንድ ምት ነው። በጠባሳው ውስጥ ጠጠር የወደቀበት ኩሬ የመሰሉ ቀጫጭን ክብ ሞገዶች አሉ፤ የሞገዱ መሃል የሚያመለክተው መምቻው ያረፈበትን ነጥብ ነው። አንዱ ጠባሳ የሌላውን ጠርዝ ከቆረጠ፣ የቆረጠው ኋላ የመጣው ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን፣ የሁለተኛውን፣ የሦስተኛውን ምት በተራ ማንበብ ይቻላል። ሠሪው አንዱን ጎን መትቶ ድንጋዩን ገልብጧል፤ ሌላውን ጎን መትቶ እንደገና ገልብጧል። በመጨረሻ ሁለቱ ፊቶች ዳር ላይ ተገናኝተው ስለት ሆኑ። አናቱ ሾጠጥ ብሏል፤ መያዣው መዳፍ እንዲሞላ ደንደን ብሎ ቀርቷል።

ሲምቢሮ በተባለው የመልካ ቁንጡሬ ክፍል፣ 1.2 ሚሊዮን ዓመት በሚገመት አንድ ንብርብር ውስጥ፣ ከ500 በላይ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም ባልጩት ናቸው። ወንዙ የባልጩት አለሎ አምጥቶ ሲያከማች እነዚያ ሰዎች ጥቅሙን አውቀው፣ ሥራቸውን እዚያው አድርገው፣ ተመሳሳይ ቅርጽ ደጋግመው አውጥተዋል። ባልጩት ሲመታ ለጣት አይራራም። ኃይል የበዛበት ምት ድንጋዩን ያደቅቀዋል፤ ያነሰው ደግሞ ስለት አያወጣም። አንድ ጥሩ መጥረቢያ በአጋጣሚ ሊወጣ ይችላል እንበል። በመቶ የሚቆጠር ተመሳሳይ መጥረቢያ ግን የሚወጣው ልኩን ካወቀ እጅ ብቻ ነው።

እዚያው መልካ ቁንጡሬ፣ ጎምቦሬ በሚባለው ስፍራ፣ 700,000 ዓመት ያስቆጠረ መሬት ላይ የትልልቅ ሰዎችና የሕፃናት የእግር ዱካ አብሮ ታትሞ ተገኝቷል። በአቅራቢያው የድንጋይ መሣሪያዎችና የተበለተ የጉማሬ አጥንት ነበር። ይህን ሳስብ እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ እንዝርት ስታሾር የሚመለከት ልጅ ይታየኛል። ሙያ ከጥንትም የሚተላለፈው እንዲህ ነው፤ አዋቂው ሲሠራ ልጁ እግሩ ሥር ሆኖ ያያል።

ባልጪት ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ፈቀቅ ይላል። ስሙ ባልጩትን ያስታውሳል፤ መሬቱም በጥቁር ስንጣሪ ተሸፍኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ይህ ሙያ ከእነዚያ የጥንት ሰዎች ጋር አልተቀበረም። በጋሞ፣ በኮንሶና በሌሎችም የደቡብ አካባቢዎች ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ ቁርበቱን ሲፍቁ የኖሩት ከእንጨት እጀታ ጋር ባጣበቁት የድንጋይ ስለት ነው። በኮንሶ ይህ የሴቶች ሥራ ነው። ስለቱ ሲደንዝ ጠርዙን ኳ አድርገው አዲስ ስለት ያወጣሉ። ከዓለም ዙሪያ የመጡ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች የጥንቱን መሣሪያ ለመረዳት እነዚህ ሰዎች ዘንድ ሄደው ተምረዋል። እኛ ግን "ፋቂ" የሚለውን ስም ለስድብ አውለነዋል፤ በዚያ ስም ሰው ከማዕድና ከጋብቻ አርቀናል። በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ያለውን ስለት እያደነቁ በሕይወት ያለውን ባለ ስለት መናቅ ያሳዝነኛል። ሁለቱም የአንድ ሙያ ልጆች ናቸውና።

ከአዋሽ ድልድይ ማዶ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ የተገነጠለው ጥርጊያ አዳዲ ማርያም ያደርሳል። ከሩቅ የሚታይ ሕንፃ የለም፤ ጣራዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው። ቀርበው ሲያዩ ዙሪያዋን ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮላት ከአለቱ የተነጠለች ቤተ ክርስቲያን ከእግርዎ በታች ትገኛለች። ትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጋር ያያይዛታል። ለቤት ሠሪ ሰው ይህ ዓይነቱ አሠራር ሁሉ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ከመሠረት ጀምረን ጣራ ላይ እንጨርሳለን። ፍልፍል ቤት የሚሠራው ግን ከጣራው ይጀምርና ወለሉ ላይ ይጨርሳል። ዓምዱን አምጥቶ አያቆመውም፤ ዙሪያውን አንስቶ ዓምዱን ይተወዋል። አንድ ዓምድ ተሳስቶ ቢያነሳ የሚተካበት መንገድ የለም።

የአዳዲ ግድግዳ እንደ ላሊበላዎቹ የተላገ አይደለም። ማዕዘኑ አንዳንድ ቦታ ይዘማል፤ የመስኮቶቹ መጠን ይለያያል። እኔ ግን የምወዳት ለዚሁ ነው። ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ታግሶ እጁን ግድግዳው ላይ ያሳረፈ ሰው የመሮውን ፈለግ በመዳፉ ያገኘዋል፤ አጫጭር፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ጭረቶች። እዚህ ላይ ሰውየው ቆሞ ነበር፤ እዚያ ዝቅ ያለው ጋ ደግሞ ተንበርክኳል። በወሩ 21 ቀን ማርያምን ሊሳለም የሚመጣው ምእመን በዚያው ግድግዳ ላይ ግንባሩን ያሳርፋል። የሠሪው ድካምና የጸሎተኛው ግንባር አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

ከዋናው መንገድ ተመልሰን ወደ ደቡብ ስንቀጥል ሶዶ ውስጥ ጢያ እንደርሳለን። ሜዳው ላይ 36 ድንጋዮች አሉ፤ ከእነዚህ 32ቱ ትክል ድንጋዮች ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ዩኔስኮ የመዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በሶዶ አካባቢ ይህን መሰል 160 ያህል ስፍራዎች ተለይተዋል። ሕዝቡ "የግራኝ ድንጋይ" ይላቸዋል፤ ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ አሕመድ ዘመን ይቀድማሉ። ቁፋሮው ከሥራቸው መቃብር አውጥቷል፤ ከተቀበሩት ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ።

ጢያን ለማየት የምመክረው ሰዓት ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ከላይ ስለሚወርድ ቅርጹን ያጠፋዋል። ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ግን እያንዳንዱ የተጠረበ ጠርዝ ቀጭን ጥላ ይጥላል፤ ጎራዴዎቹ ከድንጋዩ ውስጥ ብቅ ይላሉ። አንዱ ድንጋይ ላይ ጎራዴዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ምላጫቸው ከላይ ሰፊ ሆኖ ወደ ጫፍ ይሾላል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ተመጣጣኝ ነው። ይህን ያህል ጎራዴ በአንድ ፊት ላይ ሳይጣበብ እንዲያልቅ ሠሪው መጀመሪያ ገጹን በዓይኑ ከፍሎታል። ሌላው ላይ ክብ ምልክት፣ ከሥሩ እንደ ቅጠል የተዘረጋ ቅርጽ አለ። የምልክቶቹ ትርጉም እስካሁን ተመራማሪዎችን ያከራክራል። የእጁ ጥንቃቄ ግን ትርጓሜ አይሻም፤ ለጋ ዕድሜ የተቀጨበትን ሰው ሐዘን በችኮላ አልቀረጸውም።

መጥረቢያውን የሠራው፣ አዳዲን የፈለፈለው፣ የጢያን ጎራዴ የቀረጸው ስማቸውን አልጻፉም። "ሙያ በልብ ነው" ይላል ያገራችን ሰው። እነሱ የተዉልን ምታቸውን ነው፤ ማንበብ ለሚፈልግ ግልጽ ጽሑፍ ነው።

ሦስቱን ቦታዎች አይቼ በተመለስኩበት ቀን መካኒሳ ስደርስ መሽቶ ነበር። ወደ ቤቴ በሚያስገባው መንገድ ጎልማሳው የሠራበትን ቦታ ፈለግሁት። ሥራው አልቋል። አዲሶቹ ድንጋዮች ከአሮጌዎቹ ጋር ልክ ለልክ ገጥመዋል፤ ጠርዛቸው ገና በእግር አልተላገም። ዝቅ ብዬ አየሁ። ሲጠርብ የተረፈውን ስንጣሪ አልጣለውም፤ ድንጋዮቹ እንዳይነቃነቁ በመሃላቸው ባለው ክፍተት ውስጥ ጠቅጥቆታል። ከድንጋዩ ያነሳውን ወደ ድንጋዩ መመለስ ባይችልም አጠገቡ አኖረለት።