ከፌብሯሪ ሺት ወደ ማርች ሺት

በዶሃ የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ በሰናኢያ፣ የሠራተኛ ደመወዝ የሚያዘጋጅ ሰው ወር ሲያልቅ በቅድሚያ የሚያደርገው ያለፈውን ሺት ኮፒ ማድረግ ነው። የፌብሯሪው ማርች ይባላል፣ የሰዓቱ ዓምድ ይጸዳል፣ ታይም ኪፐሩ ያመጣው አዲስ ሰዓት ይሞላል። ፎርሙላው ግን እንዳለ ይሻገራል። ጣጣው የሚመጣውም ከእሱ ነው።

ኳታር ውስጥ ከማርች 2021 ወዲህ ዝቅተኛው መነሻ ደመወዝ 1000 ሪያል ነው፤ አሠሪው ማደሪያ ካልሰጠ 500፣ ምግብ ካልሰጠ 300 ይጨምራል። ኦቨርታይም ቢያንስ 25 በመቶ ጭማሪ አለው። የሳምንቱ የሥራ ሰዓት ደግሞ 48 ሆኖ በረመዳን ወደ 36 ይወርዳል።

ደመወዙና ጭማሪው በየወሩ አይቀያየሩም፤ የሰዓት ጣሪያው ግን የወሩ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ኮፒ ከማድረጉ በፊት ይህን ይለያል። የማይቀያየሩትን «ተመን» ባለው አንድ ሺት ላይ ብቻ ይጽፍና ፎርሙላው የሺቱን ስም ጠርቶ ከዚያ እንዲያነብ ያደርጋል። የሰዓት ጣሪያውን በየወሩ ሺት አናት ላይ፣ ቢ4 ላይ እንበል፣ ያኖረዋል። ኤክሴል የሺት ስም ያልተጠራበትን አድራሻ ፎርሙላው ካረፈበት ሺት ያነባልና ማርች ላይ የማርችን ቢ4 ያገኛል። ብዙ ሰው ኤፍ4 ተጭኖ የዶላር ምልክት ካስገባ ወዲያ ሁሉም የታሰረ ይመስለዋል። ዶላሩ የሚያስረው ዓምድና ረድፉን ነው፤ ሺቱን አያስርም።

ጣሪያው በስህተት ተመን ሺት ላይ 48 ሆኖ ቢቀርስ? 1000 ሪያል ለ30 ቀንና ለ8 ሰዓት ሲካፈል፣ 25 በመቶው ተጨምሮበት፣ የኦቨርታይም ሰዓቱ 5.21 ሪያል ግድም ይመጣል። በረመዳን ሳምንት 48 ሰዓት የሠራች የጽዳት ሠራተኛ 12 ሰዓት ኦቨርታይም አላት፤ 62.50 ሪያል ማለት ነው። ሺቱ ግን ዜሮ ብሎ ዝም ይላል። «ሬፍ» እያለ የሚጮኸው ስህተት ከዚህ ይሻላል፤ እሱን ቢያንስ ሁሉም ያየዋል። በ2024 ደግሞ ረመዳን የገባው ማርች 11 ስለነበር ያን ወር አንድ ሺት ላይ ሁለት ጣሪያ ያስፈልግ ነበር።

ወደ ሌላ ፋይል መቅዳት የባሰ ተንኮል አለው። የወሩ ሺት ብቻውን ከተቀዳ ፎርሙላው የድሮውን ፋይል ስም በአራት ማዕዘን ቅንፍ ይዞ ይሄዳል፤ አዲሱ ፋይል የአሮጌውን ተመን እያነበበ ይኖራል። መፍትሔው ወርና ተመንን አንድ ላይ መርጦ በአንድ ጊዜ መቅዳት ነው፤ ያኔ ግንኙነታቸው አዲሱ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ያመለጠ ካለ ፎርሙላዎቹ ውስጥ የቅንፉን መክፈቻ ፈልግ ማለት ያጋልጠዋል።

ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ አይደለም። ትራንስአልታ የተባለው የካናዳ ኤሌክትሪክ ኩባንያ በ2003 ኤክሴል ላይ በተፈጠረ ቆርጦ የመለጠፍ ስህተት 24 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከስሯል።

ከ2015 ወዲህ በኳታር ደመወዝ በደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት በኩል በባንክ ያልፋል፤ ከመክፈያ ቀኑ አንስቶ በ7 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ጥድፊያው ይገባናል። ቢሆንም ፋይሉ ወደ ባንክ ሳይሄድ በወሩ ብዙ ኦቨርታይም የሠራ የአንድ ሰው ሒሳብ በካልኩሌተር ተሠርቶ ከሺቱ ጋር ይመሳከር።