ሲሊኮን የበዛበት መስኮት

በአሽቀሎን ሚግዳል ሰፈር አዲስ ቤት የሚረከብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ክፈፉና ግድግዳው የሚገናኙበትን መስመር ይመልከት። መስታወቱም አሉሚኒየሙም ከፋብሪካ ልካቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፤ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከግንቡ ጋር ሲገጠም ነው። ጥሩ ገጣሚ የሚያወርደው ሲሊኮን ቀጭን፣ እኩልና ያልተቆራረጠ ነው። ጣት የሚያህል ወፍራም፣ በላዩ ሌላ የተደረበበት ሲሊኮን ሳይ ከሥሩ የተዛባ ልክ መኖሩን እጠረጥራለሁ። ሲሊኮን የመጨረሻ መዝጊያ ነው፤ ጠማማ ክፈፍ አያቃናም።

በአሽቀሎን ይህ ነገር ከብዙ ከተማ ይልቅ ይከብዳል። የክረምት ማዕበል ከባሕሩ፣ ከምዕራብ ይመጣል፤ ነፋሱ ዝናቡን በአግድም እየገፋ ግድግዳው ላይ ያላትመዋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባላቸው የሚግዳል አሮጌ ቤቶች መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ዝናቡ በቀጥታ አያገኘውም። በአዲሶቹ ፎቆች ግን ከውጩ ልስን ብዙም ስለማይርቅ የሚጠብቀው የገጣሚው እጅ ብቻ ነው።

ከልስኑ በፊት በግንቡ ውስጥ የሚቀበር የብረት ክፈፍ አለ፤ አሉሚኒየሙ የሚታሰረው በእሱ ላይ ነው። በዙሪያው ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ሙሉ በሙሉ መሞላት አለበት። ተሸፍኖ ስለማይታይ በጆሮ ነው የሚመረመረው፦ ድስት ወይም ጀበና ሲገዛ ተንኳኩቶ ድምፁ እንደሚደመጥ ሁሉ የመስኮቱን ዙሪያ በጣት መገጣጠሚያ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ በሚሰማበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ።

ተንሸራታቹን መስኮት ግማሽ መንገድ ገፍተው ይልቀቁት፤ ባለበት መቆም አለበት። ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው በመዝጊያውና በክፈፉ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይና ከታች ያነጻጽሩ፤ ከታች ጠብቦ ከላይ ከሰፋ ወይ መዝጊያው አልተስተካከለም፣ ወይ ክፈፉ ቱንቢውን ስቷል። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ሲለኩ እኩል ከሆኑ የቀረው የመንኮራኩሩ ማስተካከያ ነው። በኃይል ካልተጫነ የማይቆለፍ መስኮት «ሲለምድ ይላላል» ይባልልዎታል። አይመኑ፤ ክፈፉ በጊዜ ብዛት አይቃናም።

ከሁሉ የምወደው ፈተና የአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ወደ መስኮቱ ሐዲድ የገባ ዝናብ በውጭ በኩል ባሉት ትናንሽ ቀዳዶች መውጣት አለበት። ውሃውን በሐዲዱ ላይ ቀስ ብለው ያፍሱ፤ በውጭ ሲንጠባጠብ ይታያል። ቆሞ ከቀረ ቀዳዶቹ በልስን ወይም በቀለም ተደፍነዋል፤ ይህ ቀላል ነው። በሐዲዱ ጠፍቶ ከሥር ያለው ግድግዳ ከራሰ ግን ማዕዘኑ አልታሸገም ማለት ነው፤ መስኮቱን ማውለቅ ሊያስፈልግ ይችላል። የውጩ የእብነ በረድ ደፍም ወደ ውጭ ማዘንበል፣ ከልስኑ ወጣ ማለትና በሥሩ ጠባብ ቦይ መያዝ አለበት። ቦይ ከሌለው ውሃው ሥር ሥሩን ተለጥፎ ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

ፍሳሽ ካለ ቱቦ ይዘው ከታች ወደ ላይ ይርጩ፦ መጀመሪያ ደፉን፣ ቆይቶ ጎንና ጎኑን፣ በመጨረሻ የላዩን። አንድ ሰው በውስጥ ሆኖ ይጠብቅ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉን ስለሚያረጥብ ቀዳዳው የት እንዳለ አይለይም።

የባሕሩን ጨውም አይርሱ፤ ብሎኖቹን በማግኔት ይፈትሹ። የማይዝግ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ በማግኔት አይሳብም፤ ተራ የብረት ብሎን አሉሚኒየም ላይ ከታሰረ ጨዋማው አየር ሁለቱንም ቶሎ ይበላል።

ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአዲስ ቤቶች ግዴታ የሆነው ማማድ (የተጠናከረው የመጠለያ ክፍል) ለብቻው ይመርመር። የብረት በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ ፍንዳታ ሲገፋው ወደ ክፈፉ እንዲጠብቅ ነው። ክፍሉን አጨልመው በውጭ መብራት ያብሩ፤ በጠርዙ ብርሃን ከገባ ጎማው አልገጠመም። ቀለም የተቀባ ጎማ ይደርቃልና ይቀየር። የብረት መስኮቱን እናትዎ ወይም አያትዎ ይዝጉት፤ ሳይረን ሲጮህ ያለው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ነውና ለጎልማሳ ጉልበት ብቻ የሚታዘዝ መዝጊያ ተቀባይነት የለውም።

የእኛ የቤተ እስራኤላውያን ወላጆች በጎንደር አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ግንበኞች ነበሩ። ሥራ የሚያውቁ እነዚህ ሰዎች ዕብራይስጡ ስለከበዳቸው በቀብላኑ (በሥራ ተቋራጩ) ፊት ዝም ብለው ሲፈርሙ ማየት ያንገበግበኛል። ሕጉ ግን ከእነሱ ጋር ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የእስራኤል የአፓርታማ ሽያጭ ሕግ ለገዢ ያደላ ነው፤ በውል ሊሻር አይችልም። ለአሉሚኒየምና ለእንጨት ሥራ የ2 ዓመት፣ ለውሃ መከላከያ የ4 ዓመት የምርመራ ጊዜ ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ቀጥሎ 3 ዓመት ዋስትና አለ፤ ያኔ ማስረዳቱ ወደ ገዢው ይዞራል። በዓይን የሚታየውን ጉድለት በተረከቡ በ1 ዓመት ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ሻጩም እንዲጠግን ዕድል ይስጡ፤ በራስዎ ቸኩለው ካስጠገኑ ክርክሩ ይከብዳል።

ጠጋኝ መጥቶ በአሮጌው ላይ አዲስ ሲሊኮን ሊደርብ ሲል ያስቁሙት፤ የቀድሞው ተፍቆ ግንቡ መታየት አለበት። ከጨረሰ በኋላ እሱ ሳይሄድ፣ እርስዎም ሳይፈርሙ፣ ቱቦውን እንደገና ከደፉ ጀምረው ይክፈቱ።