ጥያቄው ራሱ ሲመሰክር

እዚህ ጅቡቲ ከተማ ስለ ምስክርነት ሥነ ልቦና ስንማር የኤልዛቤት ሎፍተስንና የጆን ፓልመርን ጥናት (1974 እ.አ.አ.) አንስተን ተከራከርን። 150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አዩ። ሃምሳው መኪኖቹ «ሲላተሙ»፣ ሃምሳው ደግሞ «ሲጋጩ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር ተባሉ፤ የቀሩት ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ እንደ ቅደም ተከተላቸው 16፣ 7 እና 6 ሰዎች «አዎ» አሉ። በፊልሙ ግን የተሰበረ መስታወት የለም።

የጥናቱ ጥንካሬ ሦስተኛው ቡድን ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ የ16ቱንም ስህተት በቃሉ ላይ እንጭን ነበር፤ ስለ ፍጥነት ሳይጠየቁም የሚሳሳቱ አሉና።

ድክመቱስ? ፊልም ማየትና በዓይን ፊት የደረሰ ነገር አንድ አይደሉም። ዩይልና ከትሾል በ1986 ባወጡት ጥናት ካናዳ ውስጥ እውነተኛ ተኩስ ያዩ 13 ሰዎችን ከወራት በኋላ ጠይቀው፣ አብዛኛው ቃላቸው ትክክል ሆኖ አግኝተውታል። እንዲያውም በመጀመሪያው ጥናት «ሲላተሙ» ከተባሉት 34ቱ አልተሳሳቱም። ታዲያ «ምስክር አይታመንም» ብሎ መደምደም ከየት መጣ?

ለእኛ ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ በስደተኝነት ቃለ መጠይቅ ስናስተረጉም «ያዙህ?» የተባለውን «ደበደቡህ?» ብለን ካቀረብን የወንድማችንን ጉዳይ እናበላሻለን። የተባለውን ብቻ እንበል።