የቅጠል ኬላ፤ ስለ ክሎሮፕላስት በተለመደው አገላለጽ ላይ የቀረበ ሂስ

በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ስለ ክሎሮፕላስት የሚሰጠው ማብራሪያ ተመሳሳይ ነው። 6 የካርቦን ዳይኦክሳይድና 6 የውሃ ሞለኪሎች ይገባሉ፤ 1 ግሉኮስና 6 ኦክሲጅን ይወጣሉ ይባላል። ቀመሩ ለሒሳብ ማመዛዘኛ መልካም መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ተማሪው ክሎሮፕላስትን በሩ እንደ ተዘጋ ወጥ ቤት እንዲያስብ ያደርገዋል። የምንነቅፈውም ይህንኑ ነው።

ክሎሮፕላስት በሁለት ሽፋን የተከበበ ነው። የውጭው ሽፋን ትናንሽ ሞለኪሎችን በቀላሉ ያሳልፋል፤ የውስጡ ግን እንደ ኬላ መርጦ ያሳልፋል። ቀን ቀን በዚህ ኬላ የሚወጣው ዋናው የካርቦን ጭነት ግሉኮስ ሳይሆን ትራዮስ ፎስፌት የተባለው ባለ 3 ካርቦን ውሕድ ነው። አሻጋሪው ፕሮቲንም ያለ ምትክ አይሰጥም፤ አንድ ትራዮስ ፎስፌት ሲያወጣ አንድ ፎስፌት ያስገባል። ሱክሮስ የሚሠራው ከኬላው ውጭ፣ በሳይቶፕላዝም ነው፤ በዚያም የተለቀቀው ፎስፌት ተመልሶ ይገባል። ሌሊት ደግሞ በውስጥ የተከማቸው ስታርች ይፈርስና ይበልጡን ማልቶስ፣ በከፊልም ግሉኮስ ሆኖ በሌላ በር ይወጣል። የክሎሮፕላስቱ አብዛኞቹ ፕሮቲኖች እንኳ በውጭ ተሠርተው የሚገቡ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ ይውረድ። በደጋው ገብስን፣ በቆላው ማሽላን ያገኛል። ገብስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ስኳር የሚሠራው በአንድ ሕዋስ ውስጥ ነው። ማሽላ ግን ሥራውን ለሁለት ሕዋሳት ያካፍላል። በአንደኛው ሕዋስ የተያዘው ካርቦን ማሌት ሆኖ የቅጠሉን ሥር ወደ ከበቡት ሕዋሳት ይሄዳል፤ እዚያም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይለቀቅና ፓይሩቬት ተመልሶ ይመጣል። ሐችና ስላክ እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን መንገድ በሸንኮራ አገዳ አስረድተዋል። ማሽላ በሙቀትና በብርቱ ፀሐይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ይሁንና በየክሎሮፕላስቱ ደጃፍ ብዙ መግባትና መውጣት ይጠይቀዋል። ያ ቀመር ግን ለገብስም ለማሽላም አንድ ነው። እንግዲህ ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ ከየት እንማር?

ስለ ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። ፎስፎረስ ለተክል ብዙ ጥቅም ቢኖረውም፣ ቀመሩ ስሙን እንኳ አያነሣም። በሳይቶፕላዝም ፎስፌት ሲያንስ ግን ለኬላው የሚከፈለው ምትክ ይጠፋል፤ ትራዮስ ፎስፌቱ በውስጥ ይቀርና ወደ ስታርች ይለወጣል። ጎተራው ሞልቶ ቤቱ እንደሚራብ ማለት ነው።

ስለዚህ ቀመሩ ይሰረዝ አንልም። ከጎኑ ሁለቱ ሽፋኖች ይሣሉ፤ ቀስቶቹም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይመልከቱ፤ በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚቀበል ይጻፍ። የግብርና ተማሪ ከክፍል ወጥቶ ወደ ማሳ ሲገባ የሚጠቅመው ይህ ሥዕል ነው።